ሸህ ሙፈሪጅና የቂብላው ክርክር

ሰው ከሰው የሚገናኘው ቀጠሮ እየያዘ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ መንደራችን በኒ ዋዲድ እስከ ዛሬ ያለ መስጊድ ይቀር ነበር። በዚያ ቀን እኔ ሦስት አህያ ኖራ ጭኜ ከእቶኑ ወደ መንደር እየወረድኩ ነበር። ስሜ ሉብ ነው። ቁርአን ቤት አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። በአምስተኛው ዓመት መምህሩ ሲያንቀላፉ የጥምጥማቸውን ጫፍ ከፍየል ቀንድ ጋር አሰርኩት፣ ፍየሏም ጥምጥሙን እየጎተተች ገበያ ገባች፣ ትምህርቴም እዚያው ላይ ቆመ። እንግዲህ ግማሹን ትምህርት እኔ ይዣለሁ፤ ግማሹን ፍየሏ ይዛው ሄዳለች።

በዚያ ክረምት ታላቁ ወንዝ ሞልቶ ነበር። ምን ያህል ሞላ ብትሉኝ፣ ከመስጊዳችን ሚንበር፣ ከስብከቱ መድረክ፣ ሦስተኛ ደረጃ ላይ አንድ ጢማም ዓሣ ወጥቶ ኹጥባ ሊጀምር ሲል ደርሼ ነው ያባረርኩት። ይህን ማንም አያምነኝም። የሚታመነው ይህ ነው፤ ውኃው ሲጎድል መስጊዱ ከሚናራው በቀር ጥርሱ እንዳለቀ አፍ ባዶ ሆኖ ተገኘ። መንደሩ ድንጋይና ኖራ አዋጣ። ረመዳን ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶት ነበርና ሁሉም እጅጌውን ሰብስቦ ተነሣ።

ይሁን እንጂ ሥራው በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ቆመ። የሸክላ ሠሪው ልጅ ያዒሽ፣ ቁርጡባ ከተማ ሰባት ዓመት ተምሮ የተመለሰው፣ «የድሮው መስጊድ ቂብላ፣ የስግደቱ አቅጣጫ፣ ተሳስቷል። መካ ያለችው በደቡብ በኩል አይደለም፤ በምስራቅ ነው፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ። እንደ አዲስ መሥራታችን ካልቀረ አዙረን እንሥራው» አለ። መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። በእኛ አገር በአንደሉስ መስጊዱ ሁሉ ወደ ደቡብ ነው የሚያየው፤ የቁርጡባው ታላቁ መስጊድ ሳይቀር።

ነገሩ ለከተማው ቃዲ ለአቡ ሃሪስ ተላከ። እሳቸው የያዒሽ አስተማሪ ናቸው። ጠዋት በሸሪዓ ይፈርዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ የጥንት ግሪኮችን የፍልስፍና መጻሕፍት ዘርግተው፣ አእምሮ የሚለውና እምነት የሚለው የት ላይ እንደሚጨባበጡ ሲፈልጉ ያመሻሉ። ከከተማው ሰው ግማሹ ይወዳቸዋል፣ ግማሹ ይፈራቸዋል፤ ውርስ ሊከፋፈል ሲል ግን ሁሉም እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ቃዲው እንዲህ ብለው መለሱ፤ «የቆመ መስጊድ ለአቅጣጫ ተብሎ አይፈርስም። አዲስ የሚሠራ ግን ሰው በሚያውቀው ልክ ይሠራ። ሆኖም መስጊዱን ያቆሙት የሸህ ሙፈሪጅ አባት ናቸው፤ ሸህ ሙፈሪጅም ሠላሳ ዓመት አዛን ብለውበታል። እሳቸው ሳይስማሙ አንድ ድንጋይ እንዳይዞር። በጉልበት የተሠራ እውነት ግድግዳው አይቆይም።»

ሸህ ሙፈሪጅ ደግሞ ግንበኛም ሙአዚንም ነበሩ። ቃላቸው አጭር ነበር። «ካዞራችሁት አዛንም አልልም፣ ግድግዳም አልሠራም። ቤቴ እሰግዳለሁ።»

ይህ ከሆነ አሥር ቀን አልፎ ነበር፣ ከእቶኑ በታች ያለው ምንጭ ዘንድ ስደርስ፣ ሸህ ሙፈሪጅ ከሮማውያን ፍርስራሽ ድንጋይ ሲመርጡ ያገኘኋቸው። ያዒሽ ደግሞ በታችኛው መንገድ ከከተማ ሲመጣ አየሁት፣ ኮከብና አቅጣጫ የሚለካበት የናስ መሣሪያው ከወገቡ ተንጠልጥሎ። ሁለቱ አሥሩን ቀን ሙሉ አንዱ በአንዱ መንገድ አልሄደም ነበር። ሸህ ሙፈሪጅ ሲያዩት ጀርባቸውን አዞሩ፤ ያዒሽም በሌላ በኩል ሊዞር ሲል ጮክ ብዬ «ኧረ የሰው ያለህ፣ ጭነቱ ሊገለበጥብኝ ነው» አልኩ። ጭነቱ አልተገለበጠም ነበር። እኔ ገለበጥኩት።

ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸውና ሮጠው መጡ። አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ የኖራውን ጆንያ አስደግፌ፣ እኔ አህያዋ ሆድ ሥር ገብቼ ገመድ ማሰር ጀመርኩ። ማንም ቢለቅ ኖራው ይደፋል። እንግዲህ በአህያዋ ጀርባ ላይ ፊት ለፊት ተያይተው ቆሙ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሸህ» አለ ያዒሽ።

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ወዳንተ አዘንብሏል፣ ቀና አድርገው። እናንተ የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር ማዘንበል ትወዳላችሁ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቅ። ሁለቱም እጄ ጭነት ላይ ነው፤ ጆሮዬን በምን ልድፈነው?»

«ለምንድን ነው ወደ ደቡብ የምንሰግደው?»

«ነቢያችን ወደ ደቡብ ስለሰገዱ ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ አምጡ ካልከኝ አፍህን በዚህ ኖራ እሞላዋለሁ።»

«አልልም፤ ሰግደዋል። የት ሆነው?»

«መዲና ሆነው።»

«ከመዲና መካ በየት በኩል ናት?»

ሸህ ሙፈሪጅ ጆንያውን በትከሻቸው ደገፍ አደረጉት። ከዚያ «በደቡብ» አሉና አህያዋን ቁልቁል አዩ። «ወዴት እንደምትነዳኝ አውቄአለሁ። አህያዋ እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። አንተ ሉብ፣ ያንን ገመድ እያሰርክ ነው ወይስ እየፈተልክ?»

«ረጥቦብኝ ነው ሸህ» አልኩ። ገመዱ እንደ አምና በለስ የደረቀ ነበር።

ያዒሽ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሸህ፣ ነቢያችን ፊታቸውን ያዞሩት ለመካ ነው ወይስ ለደቡብ?»

«ሁለቱ አንድ ነበሩ።»

«ለእሳቸው አንድ ነበሩ። እርስዎ አሁን እዚያ ቆመው ‹ምንጩ በስተግራዬ ነው› ቢሉኝ፣ እኔም እዚህ ማዶ ሆኜ በስተግራዬ ብፈልገው፣ ምን ይሉኛል?»

«ቂል እልሃለሁ። ባትፈልገውም እልሃለሁ።»

«እሺ። ግን ምንጩን አገኘዋለሁ?»

«አታገኘውም» አሉ ሸህ ሙፈሪጅ፤ ፈጠን ብለው ግን ጨመሩበት፤ «አባቶቻችን ቂሎች አልነበሩም። ይህን አገር ይዘው መስጊድ ያቆሙ ሰዎች፣ አንተ የምታውቀውን አያውቁም ነበር ልትለኝ ነው?»

«አባቶቻችን ከየት መጡ?»

«ከሻም።»

«ከሻምም መካ በደቡብ ናት። እዚያ ሆነው ትክክል ነበሩ። ባሕር ተሻግረው ሲመጡ ልማዱን ተሸክመው መጡ፤ መካ ግን አብራቸው አልመጣችም። እኔ አባቶቻችን ዋሹ አላልኩም። ልባቸው ወደ ቤቱ ነበር፤ እግራቸው ነው አዲስ አገር የረገጠው።»

በዚህ ጊዜ ከአህያዋ ሥር ወገቤ ሊሰበር ስለነበር ገመዱን ጨረስኩ። ሁለቱን ምንጩ አጠገብ ወዳለው የበለስ ዛፍ ጥላ ጠራኋቸው። እንጀራዬ የሆነውን የገብስ ዳቦ፣ ወይራና አይብ ዘረጋሁ። ሸህ ሙፈሪጅ ጾም አልነበሩም፤ ረኀብ ደግሞ ከኩርፊያ ይበረታል። ተቀመጡ። አንባቢዬ፣ ሰውን ልታስታርቅ ከፈለግህ መጀመሪያ ጉልበቱን እጠፍለት፤ ቆሞ የሚከራከር ሰው ሁልጊዜ መሄጃው አጠገቡ ነው።

ሸህ ሙፈሪጅ ወይራውን እያኘኩ ጀመሩ። «እሺ፣ ጥሩ ተናጋሪ ነህ። ግን የቃዲህ መጻሕፍት የማን ናቸው? የግሪኮች አይደሉም? ድንጋይ ጠርበው ‹ጌታዬ› ከሚሉ ሰዎች ሃይማኖቴን ልማር?»

«ሃይማኖት ከእነሱ አልተማርንም። መለካትን ነው የተማርነው። ሸህ፣ ከቀበቶዎ ላይ ያለው ቱንቢ ከየት ነው የመጣው?»

ሸህ ሙፈሪጅ ቱንቢውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። እኔ ታሪኩን አውቃለሁ፤ መንደሩም ያውቃል። ከዚያው ከሮማውያን ፍርስራሽ ያገኙት፣ በገመድ ተንጠልጥሎ የግድግዳን ቀጥታ የሚያሳይ የእርሳስ ቱንቢ ነው፤ አናቱ ላይ የአንድ ጣዖት ፊት ተቀርጾበታል። እንዲህ ያለ ቀጥ የሚል ቱንቢ በአካባቢው የለም።

«አፍንጫውን ፍቄዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

«ዓይኑስ?»

«ዓይኑ አልለቅ አለኝ።»

እኔ ዳቦው ትን አለኝ። ያዒሽ ግን አልሳቀም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አለመሳቁ ነው ተማሪ መሆኑን የሚያስመሰክረው፤ እኔማ በዚያ ሳቅ ብቻ ሌላ አራት ዓመት ከቁርአን ቤት እባረር ነበር።

«በዚያ ቱንቢ የሠሩት ግድግዳ ቀጥ ይላል?» አለ።

«እንደ አሊፍ ፊደል።»

«መስጊድ ሲሆንስ?»

«ያዒሽ፣ ክብደት ሃይማኖት የለውም። ወደ ታች ነው የሚሄደው። የማንም እጅ ቢይዘው ወደ ታች ነው» አሉና፣ ያሉትን ራሳቸው ሲሰሙት ማኘካቸውን አቆሙ።

«እኔም ከዚህ ሌላ አላልኩም» አለ ያዒሽ። «ወደ ታች እንዲሄድ ያደረገው ማን ነው? ጌታ ነው። ኮከቡን በመንገዱ የሚያስኬደውስ? እሱ ራሱ ነው። ቁርአንን ያወረደው ሌላ፣ ኮከብን ያስኬደው ሌላ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ይጣሉ ይሆናል ብለን እንፈራ ነበር። ባለቤቱ አንድ ከሆነ ግን፣ የተጣሉ የመሰለን ዕለት አንዱን አጥርተን አላነበብንም ማለት ነው።»

ሸህ ሙፈሪጅ ጢማቸውን ዳበሱ። ቀላል ሰው አልነበሩም፤ እጃቸውም ቃላቸውም ከባድ ነው። «አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ግንበኛ ነኝ። ከቆየ ግድግዳ አንድ ድንጋይ ስትነቅል አንዱን ብቻ አይደለም የምትነቅለው፤ ጎረቤቱም ይላላል። ዛሬ አቅጣጫ ትለካላችሁ። ነገ ደግሞ ‹ጾም ለምን ሠላሳ ቀን፣ ሶላት ለምን አምስት ጊዜ፣ እስቲ እንለካው› ትላላችሁ። ማቆሚያው የት ነው?»

ይህ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነው። ያዒሽ ናሱን ከወገቡ ፈትቶ በለሱ ሥር አስቀመጠው።

«ማቆሚያው ይህ ነው። ይህ ናስ መካ በየት በኩል እንዳለች ይነግረኛል። ስገድ አይለኝም። ንጋት ላይ ብርድ ልብሴን ገፍቼ የምነሣው በእሱ አይደለም፤ በእርስዎ ድምፅ ነው። ‹ወዴት› ሲሆን እለካለሁ፤ ‹ለምን› ሲሆን እሰማለሁ። መምህሬ፣ ሚዛን ወርቅ ይመዝናል፣ ተራራ ልመዝንበት ያለ ሰው ግን ጥፋቱ የራሱ እንጂ የሚዛኑ አይደለም ይላሉ።»

«መምህርህ እንዲህ ይላሉ?»

«ይላሉ። አምስቱን ሶላትም ከሌላው ሰጋጅ ጋር በጀማዓ መስገድ አያጓድሉም።»

«ይህን አላወራችሁልንም ነበር» አሉ ሸህ ሙፈሪጅ። ከዚያ ግን ናሱ ወደ እሳቸው ቀረብ ብሎ እንደተቀመጠ አዩና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ራቅ አሉ። «ይህን ወዲያ አድርገው ብቻ። እኔ ጂን ካለበት ዕቃ አጠገብ አይብ አልበላም።»

ያዒሽ ግራ ገባው። «የምን ጂን?»

«ዘቢብ የሚበላው ነዋ። መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። በናሱ ውስጥ የተቀመጠ፣ ቁመቱ አውራ ጣት የሚያክል፣ አቅጣጫውን በጆሮህ የሚነግርህ። ዘቢብ ካልበላ ግን ይዋሻል።»

ያዒሽ አፉን ከፍቶ ቆየ። «በየጠዋቱ ደጄ ላይ ዘቢብ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው? እኔ እኮ መንደሩ ደስ ብሎት ሲቀበለኝ መስሎኝ እበላው ነበር።»

«መብላትህን አይተዋል። ጂኑ በላው ነው የሚሉት።»

ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ይህ ፊት በመንደራችን ብዙ ጊዜ የሚዞርብኝ ፊት ነው።

ምን ላድርግ? የሕዝብ ዳቦ መጋገሪያው ዘንድ ወረፋ ስጠብቅ ሰልችቶኝ፣ ለሴቶቹ ትንሽ ነገር አውርቼላቸው ነበር። ወሬው ከዳቦው ቀድሞ ተጋገረ። «ሸህ» አልኩ፣ «ጂኑን የወለድኩት እኔ ነኝ። የአባትነት ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።»

«አንተ ከይሲ» አሉ ሸህ ሙፈሪጅ። «አሥር ቀን ሙሉ አውራ ጣት በሚያክል ጂን ፈርቼ መንገድ ስቀይር ነበር እኮ።»

ናሱን አንስቼ ፈታታሁላቸው። ከመስመርና ከፊደል በቀር ምንም የለበትም፤ ዘቢብም የለም። እዚህ ላይ ቀልድ ትቼ አንድ እውነት እናገራለሁ። እኔ ያንን ወሬ ሳወራ ማንንም ልጎዳ አላሰብኩም፤ ግን ሰው የማያውቀውን ነገር በሚያስቅ ውሸት ከሞላህለት፣ በኋላ እውነቱ ሲመጣ መቀመጫ ያጣል። ሸህ ሙፈሪጅ ናሱን በሁለት ጣታቸው ያዙት፣ ክብደቱን በእጃቸው መዘኑት፣ የሠሪውን እጅ አደነቁ። «መልካም ሥራ ነው። ጠርዙ አልዘባም» አሉ። ግንበኛ ግንበኛ ነው።

ያዒሽ ያንን አጋጣሚ አላሳለፈውም። «ሸህ፣ ናሱንም ይተዉት። እርስዎ ሐጅ በእግርዎ ሄደዋል።»

«አልሐምዱ ሊላህ፣ ሄጃለሁ። ሁለት ዓመት ከአንድ ወር።»

«ከባሕሩ ማዶ ከተሻገሩ በኋላ፣ እስከ ምስር አገር ድረስ ስትጓዙ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ የት ነበረች?»

«ዓይኔ ውስጥ ነበረቻ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ወር ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ የግመል ጭራ ይዤ የሄድኩበት ጊዜ ነበር።»

«ወደ ማታስ?»

«ማጅራቴን ስታቃጥለኝ። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ቀኝ ጆሮዬን። ስሄድ ቀኝ ጆሮዬ ከሰለ፣ ስመለስ ግራው ከሰለ። ሚስቴ ኑዝሃ ‹ቢያንስ እኩል ጠቁረህ መጣህ› ብላ ነው የተቀበለችኝ።» ሳቅ አሉ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቆመ።

መካ በደቡብ ብትሆን ኖሮ የጠዋት ፀሐይ መምታት የነበረባት ግራ ጆሮአቸውን ነበር። ይህን ለማወቅ ግሪክ መሆን አያስፈልግም፤ ጆሮ መኖር ይበቃል።

«መንገድ ይጣመማል» አሉ ሸህ ሙፈሪጅ በመጨረሻ።

«ይጣመማል። ከምስር በኋላም ወደ ደቡብ ታጥፋችኋል። ስለዚህ ነው በመንገድ ብቻ የማንፈርደው፤ በኮከብ የምንለካው። ግን መንገድ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሁሉም ሐጃጅ በአንድ ዓይነት አይዋሽም።»

ሸህ ሙፈሪጅ ዳቦአቸውን አስቀመጡ። ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ አሰብኩ። አልሄዱም። ፊታቸውን ከእኛ መልሰው ከመንደሩ ወዲያ፣ ጥዶቹ ወዳሉበት ኮረብታ፣ ወደ መቃብሩ አዩ። ድምፃቸው ሌላ ሆነ።

«ልጄ፣ እኔ ማሰብ አቅቶኝ መሰለህ? አንተ ከመምጣትህ በፊትም ስለ ጆሮዬ አስቤ አውቃለሁ። ከሐጅ ከተመለስኩ ጀምሮ አስቤአለሁ። ማሰቡን ያቆምኩት ኑዝሃን የቀበርኩ ዕለት ነው።»

«ለምን?» አለ ያዒሽ።

«ሰው የሚቀበረው እንዴት ነው? በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱ ወደ ቂብላ። እኛ ደቡብ ነው ብለን ፊቷን ወደ ደቡብ አደረግነው። ወደ ደቡብ የሚያይ ሰው በቀኝ ጎኑ ሲተኛ ራሱ ወደ ምዕራብ ነው። እግሩስ?» በጣታቸው አፈሩ ላይ መስመር አሰመሩ። «እግሩ ወደ ምስራቅ ነው። አንተ ልክ ከሆንክ፣ ሚስቴ እግሯን ወደ አላህ ቤት ዘርግታ ነው የተኛችው። አባቴም። በገዛ እጄ ነው ያስተኛኋቸው። በሕይወቷ እግሯን ወደ እንግዳ ዘርግታ የማታውቅ ሴት። እንግዲህ ንገረኝ። ግድግዳውን ላዙረው፤ እነሱንስ በየትኛው ናስ ላዙራቸው?»

እኔ ብዙ ውሸት አውቃለሁ። በዚያ ሰዓት አንድም አልመጣልኝም።

ያዒሽ አንገቱን ደፋ። ሰባት ዓመት የተማረ ሰው መልስ ሲያጣ ማየት ከባድ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ወደድኩት። «አላውቅም» አለ። «ሸህ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ናሱ የሙታንን ነገር አይነግረኝም። እኔ የያዝኩት እዚህ ድረስ ብቻ ነው።»

ሸህ ሙፈሪጅ ተገረሙ። ክርክር ሲጠብቁ ነበር። «አላውቅም አልክ?»

«አላውቅም። ግን እኔ በማላውቀው ላይ እርስዎ ያውቃሉ። ቁርአንን በልብዎ የያዙት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ከመጽሐፍ ነው የማነበው። በነቢያችን ጊዜ ቂብላው ከቅድስቲቱ ከተማ ከቁድስ ወደ መካ ዞሮ የለም? ከመዞሩ በፊት ወደ ቁድስ እየሰገዱ የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ወገኖቻቸው ያን ጊዜ እንደ እርስዎ አልተጨነቁም? ‹የሞቱብን ምን ሊሆኑ ነው› ብለው አልጠየቁም?»

ሸህ ሙፈሪጅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ስለ ቂብላው መዞር የሚናገረውን ምዕራፍ፣ ሠላሳ ዓመት በሚናራው ላይ ባረጀው ድምፃቸው፣ ዝቅ አድርገው ያነቡ ጀመር። ምንጩ ይንጠባጠባል፤ አህዮቼ እንኳ ጆሮአቸውን አቁመው ነበር፤ ይህ ከውሸቶቼ መሐል አይደለም። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። መልሰው አነበቡት። ሦስተኛ ጊዜ ደገሙት። አላህ የእነዚያን እምነትና ስግደት የሚያባክን እንዳልሆነ፣ ለሰዎች ርኅሩኅ እንደሆነ የሚናገርበት ቦታ ነው።

እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። ረጋ ያለ እንባ ነበር።

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አሉ። «ሺህ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ለእኔ የተላከ መሆኑን ግን አላወቅኩም ነበር።»

ያዒሽ «እኔም ያለ እርስዎ ጥያቄ ወደዚያ አልደርስም ነበር» አለ።

«ያለ አንተ ጥያቄስ እኔ እደርስ ነበር?» ሸህ ሙፈሪጅ ፊታቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ጠረጉ። «መምህርህ የሚፈልጉት ይህን ነው እንግዲህ። አእምሮ ይጠይቃል፣ ከላይ የወረደው ቃል፣ ወሕይ፣ ይመልሳል። እኔ ደግሞ ጠያቂውን ልገድለው ነበር።» ከዚያ ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ። «ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ቂብላን የሚያመለክተው የአባቴ የሚህራብ ድንጋይ አዲሱ ሚህራብ ውስጥ ይገባል። የድሮውን ሰጋጅ ማንም ‹ሶላቱ ከንቱ ነበር› ብሎ አይናገርም፤ የተናገረውን በአካፋ ነው የማናግረው። ሦስተኛው፣ ሕዝቡ አቅጣጫውን በዓይኑ ይየው። በናስ ብቻ ከሆነ ‹ጂኑ ነው› ማለቱን አይተውም።»

«ዱላ ይበቃናል» አለ ያዒሽ። «መሬት ላይ ክብ እንሠራና መሐሉ ላይ ዱላ እንተክላለን። ከእኩለ ቀን በፊት ጥላው ክቡን ሲነካ አንድ ምልክት፣ በኋላ ሲነካ አንድ ምልክት። ሁለቱን ስናገናኝ ምስራቅና ምዕራቡ ይወጣል። ከዚያ ላይ መካን በቁጥር እንወስዳለን።»

«ዱላው ቀጥ ማለቱን በምን ታውቃለህ?»

«በእርስዎ ቱንቢ።»

«በዓይናማው» አሉ ሸህ ሙፈሪጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ከልብ ሳቁ።

በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ክቡን ከቦ ቆመ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው፣ ሽማግሌዎቹ አገጫቸውን በዱላ ደግፈው ጥላው ሲንቀሳቀስ አዩ። የመጀመሪያውን የመሠረት ድንጋይ ሸህ ሙፈሪጅ በእጃቸው አኖሩ፣ ወደ ምስራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል አድርገው። ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ጣሪያው አለቀ። የመጀመሪያው ዕለት ከሰጋጆቹ ግማሹ በልማድ ወደ ደቡብ ዞሮ ቆመና፣ ሸህ ሙፈሪጅ ከኋላ ትከሻ ትከሻቸውን እየያዙ እንደ ድንጋይ አስተካከሏቸው።

ከዚያ በኋላ ምን ተገኘ? ለልጆቼ የምነግረውን ለእናንተም ልንገራችሁ። መስጊዳችን አንድ ሆኖ ቀረ፤ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ኢማም ከመቀለብ ዳንን። ያ ዱላ ከተተከለበት ሳይነቀል ስለቀረ የዙህርና የዓስር፣ የቀትሩና የከሰዓት በኋላው ሶላት ሰዓት ላይ የነበረው የየቀኑ ጭቅጭቅ አበቃ። ያዒሽ በዚያው በመለካት ጥበብ የመስኖውን ቦይ ከፍታ አይቶ ዝንባሌውን ቢያስተካክለው፣ ውኃ ደርሶት የማያውቀው የላይኛው የባቄላ ማሳ ጠጣ። ወላጆች ልጆቻቸውን መለካት እንዲማሩ ወደ ያዒሽ፣ ቁርአን በቃል እንዲይዙ ወደ ሸህ ሙፈሪጅ ላኩ፤ አንዱን ብቻ የተማረ ልጅ በአንድ እግሩ እንደሚሄድ ገብቷቸው ነበር። እኔንም ሸህ ሙፈሪጅ በአርባ ዓመቴ አምስተኛውን ዓመት ከልጆቹ ጋር አስቀመጡኝ። ጥምጥማቸውን ግን በሁለት ቋጠሮ ያስራሉ።

ወዳጄ፣ አባቶችህን አክብር። ማክበር ማለት ግን የረገጡበትን መርገጥ ብቻ አይደለም፤ ሊደርሱ ወደፈለጉበት መሄድ ነው። አእምሮህም እምነትህም ከአንድ እጅ የተቀበልካቸው ስጦታዎች ናቸውና አንዱን ደብቀህ በሌላው አትመካ። ወሬም ስትጋግር ማን እንደሚበላው አስብ፤ ይህን የምለው ራሴን ጭምር ነው።

በዒድ ማግስት ሸህ ሙፈሪጅና ያዒሽ ወደ መቃብሩ ሲወጡ እኔም ተከተልኩ። ሸህ ሙፈሪጅ ከኑዝሃ መቃብር ራስጌ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ፤ መቃብሩን ሊነካው ያሰበ ማንም አልነበረም። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ባዶ መሬት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይህ የእኔ ነው። ያዒሽ፣ አንተ ነህ የምታስተኛኝ።»

«አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ሸህ። ግን ወዴት ላድርግዎ? እንደ እሷ ወደ ደቡብ ወይስ እንደ አዲሱ?»

«እንደ አዲሱ ነዋ። አውቄ ልሳሳት?»

«ታዲያ ጎን ለጎን አትሆኑም። እርስዎ ወዲህ፣ እሷ ወዲያ ነው የምታዩት።»

ሸህ ሙፈሪጅ መቃብሩ ላይ የበቀለውን አረም ነቀል ነቀል እያደረጉ ፈገግ አሉ። «አርባ ስድስት ዓመት በአንድ ቤት ስንኖር አንድም ቀን ወደ አንድ አቅጣጫ አይተን አናውቅም፣ ልጄ። በመጨረሻ ግን ሁልጊዜ የምንገናኘው አንድ ቦታ ላይ ነበር።»